የራግና ፍሬን

ራግና የፍሬኑን ፔዳል ረገጠችው፤ ፔዳሉ ምንም ሳይታገላት ወለሉ ድረስ ወረደ።

ከፊቷ የትምህርት ቤቱ የእግረኛ መሻገሪያ አለ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ቢጫ ሰደርያ አጥልቀው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተሻገሩ ነው። ደግማ ረገጠች። ትንሽ ያዘ። ሦስተኛውን ረግጣ የእጅ ፍሬኑን ባላት ኃይል ሁሉ ስትስበው መኪናዋ ተንገጫግጣ ቆመች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆችና በመኪናዋ አፍንጫ መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ከልጆቹ አንዷ ዞር ብላ ሳቀችና እጇን አወዛወዘችላት።

ራግና መልሳ ማወዛወዝ አልቻለችም። ጣቶቿ መሪው ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

«ምን ሆነሽ ነው? ስልኬን ልትሰብሪው እኮ ነበር» አለች ጓደኛዋ ቲልዴ፣ ከእግሯ ሥር ስልኳን እያነሳች።

«ፍሬኑ አልያዘም።»

«ያዘ እንጂ። ቆመናል አይደል?»

ራግና ፔዳሉን እንደገና ነካ አደረገችው። አሁን ድንጋይ ሆኗል። ሁለት ሦስቴ ሞከረችው፤ ያው ነው። ከኋላ ሌላ መኪና ጥሩምባ ሲነፋባት ማርሽ አስገብታ ማዝገም ጀመረች። እስከ ትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ድረስ ግን እጇን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አላነሳችም።

መኪናዋ በዕድሜ ራግናን ሁለት እጥፍ ተኩል ትበልጣታለች። የኋላ ወንበሯ ወጥቶ በቦታው አጭር የጭነት ሳጥን ተገጥሞላታል፣ ጀርባዋ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ተለጥፎባታል፣ በሰዓት ከሰላሳ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትሮጥም ተደርጋለች። በሕጉ ዓይን ትራክተር ናት። ትራክተር በመሆኗም አስራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሊነዳት ይችላል። ልጆቹ «ኤፓ» ይሏታል። አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ በሚያልፍበት በዚያ የሰሜን ስዊድን፣ የኖርላንድ ገጠር ኤፓ የሌለው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ የጥድ ዛፍ ሲቆጥር ይውላል።

የራግና አባት ቶርኬል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኤፓዋን ሲገዛላት የጠየቃት ነገር አንድ ብቻ ነበር። የፈለግሽውን ራስሽ ፍቺ፣ ራስሽ ግጠሚ፤ ፍሬን የነካሽ ቀን ግን ፎልኬ ሳያየው መኪናዋ ከግቢ አትወጣም አላት። ፎልኬ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው። ከመንደሩ ዳር ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ የመንደሩ ሰው ግማሹ የሚነዳው በእሱ ቃል ተማምኖ ነው።

ባለፈው እሑድ ራግና የፊት ጎማዎቹን ሁለት ካሊፐሮች፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የጎማውን ዲስክ ጨምቀው የሚያቆሙትን ብረቶች፣ ከፎልኬ በገዛቻቸው ቀየረቻቸው። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተንጋላ፣ ፊቷ በዝገት ቀልቶ፣ ብቻዋን ጨረሰችው። እንዲያይላት ስትደውል ግን ፎልኬ ሴት ልጁን ሊጠይቅ ሄዷል፤ እስከ ረቡዕ አይመለስም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቲልዴ መንገድ ላይ ትጠብቃታለች። አባቷ በሥራ ላይ እያለ ደውሎ ፎልኬ አየልሽ ወይ ሲላት፣ «አይቶታል፣ ጥሩ ነው ብሏል» አለችው። ምሳ በላሽ ወይ ሲሏት አዎ እንደምትለው፣ እንዲሁ ቀለል አድርጋ። ይህን የምታውቀው ቲልዴ ብቻ ነበረች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቲልዴ አስቀድማ ያሰበችበት ይመስል ነገሩን በዝርዝር አስረዳቻት። የፍሬኑ ዘይት ትንሽ ቀንሶ ይሆናል። መፍትሔው ሁለቴ ሁለቴ መርገጥ ነው። ነገ ማታ አርባ ኤፓዎች ሙዚቃ ከፍተው ከነዳጅ ማደያው ተነስተው በመንደሩ መሀል ተከታትለው የሚያልፉበት ሰልፍ አለ፤ ሁለቱም መኸሩን ሙሉ ሲጠብቁት ነበር።

«አባትሽ ከሰማ ቁልፉን ይነጥቅሻል፣ አለቀ» አለች። «አታካብጂው ባክሽ።»

ራግና አላካበደችውም። ሁለቴ ሁለቴ እየረገጠች ቤቷ ደረሰች። ሌሊቱን ግን ባሸለበች ቁጥር ቢጫ ሰደርያዎቹ እየመጡባት ስትባንን አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ለፎልኬ ደወለች። እሷ ያሰበችው ብልሃት የጓደኛዋ መኪና ናት ማለት ነበር። ፎልኬ የጓደኛዋን ስም አልጠየቃትም። እንደ ሐኪም ነገሩን ተራ በተራ ይጠይቃት ጀመር። ዘይቱ ይቀንሳል? አይቀንስም። ከጎማዎቹ ጀርባ የፈሰሰ ዘይት አለ? የለም። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ነው የሚሰምጠው ወይስ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው? ከመጀመሪያውም ባዶ ነው፤ ሲደጋገም ግን ይደነድናል።

«እንግዲያው አየር ነው» አለ ፎልኬ። «ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። ጓደኛሽ ዘይት የምትረግጥ መስሏት አየር ነው የምትረግጠው። ካሊፐር ቀይራ ነበር?»

«አዎ። አየሩን ለማስወጣትም ብዙ ሞክራለች። አንድ ሊትር ዘይት ጨርሳለች።»

«ማስተንፈሻዋ የት ጋ ናት?»

«ምኗ?»

«ማስተንፈሻዋ ብሎን። አየር ስታስወጣ የምትፈታት ትንሿ ብሎን። ከላይ ናት ከታች?»

ራግና አላስታወሰችም። ግን ፎቶ አለ፤ እሑድ ማታ ሥራዋን አንስታ ለቲልዴ ልካላት ነበር። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ፎቶውን መፈለግ ስትጀምር ፎልኬ ከወዲያ በኩል ረጋ ብሎ ያስረዳታል። አየር ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብሎኗ አናት ላይ መሆን አለባት። ከታች ከሆነች የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሟል ማለት ነው።

«ሁለቱም ቦታ ልክክ ይላሉ፤ ተንኮሉ እሱ ነው» አለ። «አንድ በርሜል ዘይት ብታፈሺ አየሩ እዚያው ላይ ተቀምጦ ይስቅብሻል። እኔ ታዲያ ለዚህ ብዬ ነው ሳልሸጥ በፊት ግራና ቀኝ ብዬ በነጭ የምጽፍባቸው።»

ነጩን ጽሑፍ ራግና ታስታውሰዋለች። በሽቦ ብሩሽ ፍቃ ፍቃ አጥፍታው፣ በላዩ ሁለት ጊዜ ደማቅ ቀይ ቀብታበታለች። በሌሎቹ ልጆች ኤፓ የቸርኬ ቀዳዳ በኩል ቀይ ካሊፐር ብልጭ ሲል አይታ ቀንታ ነበር። ፎቶው ላይ ቀዩ ያምራል። ብሎኗ ደግሞ ከቀዩ ግርጌ ወደ መሬት ተቀስራለች።

«ከታች ናት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ።

ፎልኬ ጓደኛሽ ማለቱን ተወና «ልጄ፣ ያቺ መኪና አሁን ቆማለች?» አላት።

ግቢ ውስጥ ቆማለች ልትል አፏን ስትከፍት ሞተር ሲነሳ ሰማች። ከሺህ ሞተር መካከል የምትለየው ድምፅ ነው። ስልኩን አልጋው ላይ ጥላ ወደ መስኮቱ ዘለለች። ቀዩ ሦስት ማዕዘን ከግቢው በር እየወጣ ነው። በአባቷ ጎን የሰባት ዓመቱ ወንድሟ የያልማር ፀጉር ጫፍ ይታያል።

በባዶ እግሯ ደረጃውን ወርዳ ሮጠች። ጮኸች። እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ተከተለቻቸው፤ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ለመኪና ቀርፋፋ ቢሆንም ለእግር ፈጣን ነው። ወደ ቤት ስትመለስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአባቷን ጽሑፍ አገኘች። ያልማርን ወደ ጓደኛው ልደት ሊያደርሰው የነበረው ጎረቤት ታሟል፣ እናትሽ መኪናውን ይዛ ሥራ ሄዳለች፣ ያንቺን ተውሻለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንመለሳለን ይላል።

ልደቱ ከሐይቁ ማዶ ነው።

ወደ ማዶ የምታሻግረው ቢጫዋ የመኪና ጀልባ ናት። እስከ ሐይቁ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው፤ ፍሬን የሚፈልግ ነገር የለበትም። መጨረሻው ላይ ግን ቁልቁለት አለ። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። ጀልባዋ ማዶ ከሆነች ሹፌሩ የሚቆመው ከውሃው አስር ሜትር ርቆ ነው፤ የሚያቆመው ደግሞ ፍሬኑ ብቻ ነው።

ስልኩን ከአልጋው አንስታ የፎልኬን ጥሪ ዘጋችና ለአባቷ ደወለች። ይጠራል። ደግማ ደወለች። ይጠራል። ቶርኬል መሪ ይዞ ስልክ አንስቶ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሲኮራ ኖሯል። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ ደወለች። ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሰላሳ ማለት አስራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ አራቱ አልቋል። ፖሊስ ብትጠራ ከከተማ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጎረቤቱ ታሟል። ብስክሌቷ ጎማው ተንፍሷል። ፈራች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ከዚያ የቲልዴ አባት ስቱሬ ትዝ አላት። ጀልባዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ ዛሬ ተረኛ መሆኑን ትናንት ቲልዴ ነግራታለች።

ቲልዴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ራግና ቃላቱ እየተጋጩባት ነገረቻት። የስቱሬን ቁጥርም ጠየቀቻት።

«አባቴ ጋ ልትደውዪ ነው?» አለች ቲልዴ። «ትናንት አብሬሽ እንደነበርኩ ያውቃል እኮ። እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ቢለኝስ? ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እባክሽ።»

«ያልማር ውስጡ ነው» አለች ራግና።

ቲልዴ ቁጥሩን ነገረቻት። አንዱን ቁጥር ተሳስታ መልሳ አረመችው፤ እያለቀሰች ነበር።

ስቱሬ ሲያነሳ ከኋላው የጀልባዋ ሞተር ይጮሃል። ራግና ማንነቷን ነገረችውና ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች። አባቷና ወንድሟ በኤፓዋ ወደ እሱ እየመጡ ነው፣ ኤፓዋ ፍሬን የላትም፣ አባቷ አያውቅም። ስቱሬ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ከማዶ ተነስቶ ሐይቁ መሀል ላይ መሆኑን፣ ከእነሱ ቀድሞ መድረስ እንደማይችል ነገራት።

«ግን ቁልቁለቱ አናት ላይ ማገጃ አለችኝ» አለ። «ነፋስ በርትቶ ሥራ ስናቆም ነው የምናወርዳት። ከዚሁ ሆኜ በቁልፍ አወርዳታለሁ። ቆይ።» ጠቅ የሚል ነገር ተሰማ። «ወርዳለች። ቀዩም መብራት በርቷል። አትዝጊው፣ እያየሁ ነው።»

ራግና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እግሯ በውርጭ ቀዝቅዞ መሬቱን መሰማት አቁሟል። አስራ አራት ደቂቃ። አስራ አምስት። በስልኩ የሚሰማው የጀልባዋ ሞተር ብቻ ነው። ከዚህ በፊት አንድም ነገር ለምና የማታውቀውን አምላክ በልቧ መለመን ጀመረች፤ ምን ብላ እንደምትለምን ግን አላወቀችም። እንዲቆም፣ ብቻ እንዲቆም።

«መጡ» አለ ስቱሬ። «ከዛፎቹ ወጥተዋል። ማገጃዋን አይቷታል፣ መሰለኝ። እያዘገመ ነው።»

ዝም አለ።

«አላቆመም» አለ።

ራግና ዓይኗን ጨፈነች።

«ወደ ሣሩ አዞራት። ቦዩ ውስጥ ገባ… ቆመ። ቆሟል። በሩ ተከፈተ። ትልቁ ወረደ። ልጁም ወረደ፤ ልጁ ይራመዳል። ሰማሽኝ? ሁለቱም ይራመዳሉ።»

ራግና «ሰምቻለሁ» አለችና ጉልበቷን አቀፈች።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አባቷ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል። ያልማር ደህና መሆኑን፣ የሚያለቅሰው ስጦታው ላይ ወድቆ ስለሰባበረው ብቻ መሆኑን ነገራት። ስቱሬ ከጀልባዋ ላይ በድምፅ ማጉያ ነግሮታል፤ የደወለችው እሷ መሆኗን አውቋል። በእጅ ፍሬኑ ለመያዝ ሞክሮ እንዳልበቃው፣ ቦዩ ባይኖር ማገጃዋን ሰብሮ ያልፍ እንደነበር ተናገረ።

«ሁለቴ ረገጥኩ፣ ሁለቴም ባዶ» አለ። «ታች ቢሆን ኖሮ…»

አልጨረሰውም። አባቷ የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ ሲቀር ራግና ሰምታ አታውቅም።

«ብልሽቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ሲላት የካሊፐሮቹን ነገር ነገረችው። ግራና ቀኝ መቀያየራቸውን፣ ፎቶውን፣ ብሎኗን። አባቷ ዝም ብሎ አዳመጣት። ሥራው ነውና ወዲያው ገባው።

«አንቺማ ልጅ ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። አይቼ ባልፈው እኔም እሳሳት ይሆናል» አለ። «ያልገባኝ ፎልኬ ነው። ብሎን ከታች ስትሆን በዳበሳ እንኳ ይገኛል። አይቶ ጥሩ ነው አለሽ፣ አይደል? በቃ አርጅቷል ማለት ነው። አሁኑኑ እደውልለታለሁ። ከዛሬ ወዲያ የማንንም ፍሬን ማየት የለበትም፤ ለመንደሩ ሰውም መንገር አለብኝ። ሰው ይሞታል።»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነዘረ። አንስታ አየችው፤ የቲልዴ መልእክት ነው። *አባቴ ነገረኝ፣ ተርፈዋል። ፎልኬ ነው ያየው በያቸው። ሽማግሌ ነው፣ ረስቶ ነው ይባላል፣ ማንም አይቆጣውም።*

እውነቷን ነው፤ ማንም አይቆጣውም። ራግና እስኪገባት ድረስ ሁለቴ አነበበችው። አባቷ ይደውልለታል። ፎልኬ አላየሁም ይላል። አባቷ ደግሞ አይዞህ፣ ዕድሜ ነው ይለዋል። ፎልኬም ስልኩን ዘግቶ፣ ያን ሁሉ ብረት በቁጥርና በስም የሚያስታውስ ሰው፣ ምናልባት አይቼው ረስቼው ይሆን እንዴ እያለ ብቻውን ይቀመጣል። እሷ ደግሞ ቁልፏ አይወሰድባትም። የአባቷን ፊት እንዳሁኑ ታየዋለች። እውነቱን በእርግጠኝነት የሚያውቁት እሷና ቲልዴ ብቻ ይሆናሉ።

ፍርሃቱ መልሶ መጣ። ያኛው አልፎ ነበር፤ ይኼኛው ሌላ ነው።

«ራግና? አለሽ?» አለ አባቷ። «ልዝጋውና ልደውልለት።»

«አባዬ፣ አትደውልለት።»

«ለምን?»

ራግና ከደረጃው ተነሳች።

«ፎልኬ አላያትም። አላሳየሁትም። ዋሽቼህ ነው።»

ወዲያ በኩል ምንም አልተባለም። ነፋሱ ይሰማታል፣ ያልማር የሆነ ነገር ሲጠይቅ ይሰማታል፣ የጀልባዋ ሞተር እየቀረበ ሲመጣ ይሰማታል። አባቷ ግን አይናገርም። ስልኩን ብትዘጋው እንዴት ደስ ባላት። በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ፣ ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈችው፣ እስኪናገር ጠበቀችው።